አስፈሪውን ፊልም ልጆች ለምን ወደዱት?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በሐዋሳ፣ እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ፣ የልጆች ዋነኛ የጊዜ ማሳለፊያ ፊልም ነው። ቀኑን በሐይቁ ዳርቻና በሰፈር ሜዳ ሲሯሯጥ የዋለው ልጅ እንኳ ሲመሽ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ የፊልም አሠራጭ ድርጅት አገልግሎቱን ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 ለሚበልጡ አገሮች የከፈተው በታኅሣሥ ወር 2008 ዓ.ም. ነበር። ምንም እንኳ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ከፍሎ የሚመለከት ቤተሰብ ጥቂት ቢሆንም፣ ፊልሙ በፍላሽ ተጭኖ፣ በቴሌግራም ተላልፎ፣ ወይም ተራኪ በአማርኛ እየተረጎመው ከየቤቱ መግባቱ አልቀረም።

እናት ከፈረቃ ሥራዋ ወይም ከቢሮ ደክሟት ስትመለስ ልጇን ጆሮው ላይ ማዳመጫ እንደ ሰካ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ታገኘዋለች። «ምን እያየህ ነው?» ስትለው «ፊልም ነው» ይላታል። ጥያቄውም መልሱም በዚሁ ያበቃል። ለመሆኑ ያ ፊልም ምንድን ነው? ልጁስ በውስጡ ያገኘው ነገር ምን ይሆን?

በዛሬው ዓምዳችን ልጆችና ወጣቶች አጥብቀው ስለወደዱት፣ ብዙ ወላጆች ግን በፍርሃትና በጥርጣሬ ስለሚያዩት አንድ ተከታታይ ፊልም፣ በተለይም ስለ አራተኛው ምዕራፍና ተመልካቾች ስለ ሰጡት አስተያየት እንነጋገራለን። ፊልሙ «ስትሬንጀር ቲንግስ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከእንግዳም እንግዳ የሆኑ ነገሮች» እንደ ማለት ነው።

ታሪኩ በአጭሩ

የፊልሙ የመጀመሪያ ምዕራፍ ለሕዝብ የቀረበው በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ የተከፈተውም በዚያው ወር ስለነበረ፣ በፓርኩ ሥራ ጀምረው ዛሬ የልጆች እናት የሆኑ ሠራተኞች ዘመኑን በዚሁ ሊያስታውሱት ይችላሉ። የፊልሙ ደራሲዎችና አዘጋጆች ማት ዳፈርና ሮስ ዳፈር የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች ናቸው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በአሜሪካ ኢንዲያና በምትባለው ግዛት፣ ሆኪንስ ተብላ በተሰየመች የፈጠራ ከተማ ውስጥ ነው። ዘመኑ በኛ አቆጣጠር 1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዊል የተባለ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት አምሽቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ድንገት ይጠፋል። ጓደኞቹ እርሱን ፍለጋ ሲወጡ ጠጕሯ የተላጨ፣ ስሟ በቁጥር «አሥራ አንድ» የሆነ፣ በመንግሥት የምርምር ጣቢያ ውስጥ እንደ መሞከሪያ ሆና ያደገች ልጅ ያገኛሉ። ይህች ልጅ በአሳቧ ዕቃ ታንቀሳቅሳለች። ከከተማይቱ በታች ደግሞ ጨለማ የወረሰው፣ አራዊት የሚኖሩበት፣ ከተማይቱን ገልብጦ የሚመስል ሌላ ዓለም አለ። ፊልሙ እንግዲህ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ፣ አስፈሪ ተረትና የልጆች ጓደኝነት ታሪክ በአንድነት የተዋሐዱበት ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሦስተኛው በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ቀረቡ። አራተኛው ግን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ቀረጻው ተቋርጦ ስለነበረ ሦስት ዓመት ያህል አስጠብቆ፣ በሁለት ተከፍሎ፣ ሰባቱ ክፍሎች ግንቦት 19 ቀን፣ የቀሩት ሁለቱ ሰኔ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ታዩ። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀኖች ውስጥ ብቻ ተመልካቾች በድምሩ ከ1.3 ቢሊዮን ሰዓት በላይ እንደተመለከቱት ድርጅቱ አስታውቋል። አምስተኛውና የመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. በሦስት ዙር ቀርቦ ታሪኩ ተደምድሟል። ይሁን እንጂ ብዙ ያከራከረውና እናቶችን ይበልጥ የሚመለከተው አራተኛው በመሆኑ በእርሱ ላይ እናተኩር።

ሁለት ዓይነት አስተያየት

በአራተኛው ምዕራፍ ላይ የተመልካቾች አስተያየት ከሁለት የተከፈለ ነው።

የመጀመሪያው ወገን ቅር የተሰኘው ነው። እነዚህ ተመልካቾች የሚሉት ፊልሙ ከልክ በላይ ረዝሟል ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ በአራተኛው ግን ሁሉም ክፍሎች ከአንድ ሰዓት ይበልጣሉ፤ የመጨረሻውማ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። በሌላ በኩል በአንዲት ትንሽ ከተማ ተወስኖ የነበረው ታሪክ በሆኪንስ፣ በካሊፎርኒያና በሩሲያ እስር ቤት ተበትኖ፣ ጓደኛሞቹ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሲመክሩ ማየት ብርቅ ሆኗል። ልጆቹ ተዋንያንም ሦስት ዓመት ሲጠበቁ ቁመታቸው ረዝሞ፣ ድምፃቸው ጎርንኖ፣ የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ናቸው ቢባል ለማመን ያስቸግራል ይላሉ።

ከሁሉም በላይ የሚነቅፉት ግን አሰቃቂነቱን ነው። በቀደሙት ምዕራፎች የሚያስፈራው አውሬ ነበር። በአራተኛው የመጣው ቬክና የተባለው ፍጡር ግን የሚናገር፣ የሚያስብ፣ የልጆችን ምሥጢር አውቆ በዚያው የሚያሠቃያቸው ነው። አገዳደሉም አጥንት ሰባብሮ በመሆኑ ለማየት የሚከብድ ነው። የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው ብዙ ሕፃናት በተገደሉበት ትዕይንት ሲሆን፣ ፊልሙ ሊቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረው በአሜሪካ ቴክሳስ ዩቫልዴ በምትባል ከተማ አንድ ታጣቂ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 19 ሕፃናትንና 2 መምህራንን ስለገደለ፣ አሠራጩ ድርጅት ራሱ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ማስጠንቀቂያ ለመጨመር ተገዷል። በአሜሪካ በተሰጠው ደረጃም ፊልሙ ከ14 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የሚመች አይደለም። በዚህ ረገድ የእናቶች ሥጋት ባዶ አለመሆኑን ማንም ሊክደው አይችልም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ያውም ከወጣቶቹ የሚበዙት፣ ከምዕራፎቹ ሁሉ የሚያስበልጡት ይህንኑ አራተኛውን ነው። ለምን ቢባሉ አብዛኞቹ የሚጠሩት አንድ ስም ነው፤ ማክስ።

ማክስ ማን ናት?

ማክስ ቀይ ጠጕር ያላት፣ አንደበተ ደፋር፣ በሰሌዳ መንሸራተት የምትወድ ልጅ ናት። በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ የእንጀራ ወንድሟ ቢሊ ዓይኗ እያየ ተገድሏል። ቢሊ ክፉ ወንድም ነበር፤ ሲያስፈራራትና ሲያዋርዳት ኖሯል። በመሆኑም ሲሞት በልጅቷ ልብ የቀረው ኀዘን ብቻ ሳይሆን ጸጸትም ነው። «ላድነው እችል ነበርን? ሞቱን ተመኝቼበት ይሆን?» የሚል ጥያቄ ሌት ተቀን ያሳድዳታል።

አራተኛው ምዕራፍ ሲጀምር ማክስ ከጓደኞቿ ርቃ፣ ወዳጇን ሉካስን ሸሽታ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ብቻዋን ስትዞር እናገኛታለን። ራስ ምታት አለባት፤ እንቅልፍ የላትም፤ ቅዠት ያባንናታል፤ አፍንጫዋ ይነስራል። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ስትጠይቃት «ደኅና ነኝ» ትላለች። ቬክና ታዲያ የሚመርጠው እንዲህ ያሉትን ልጆች ነው። ከእርሷ በፊት የሞቱት ሁለት ልጆችም እያንዳንዳቸው ለማንም ያልተናገሩት የተደበቀ ቁስል ነበራቸው፤ አንደኛዋ በእናቷ ነቀፋ ሰውነቷን የጠላች፣ ሁለተኛው ሰው በሞተበት የመኪና አደጋ ራሱን የሚከስ።

አራተኛው ክፍል ላይ ማክስ ሞቷ መድረሱን ስታውቅ ለምትወዳቸው ሁሉ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ለሞተው ወንድሟ የጻፈችውንም በመቃብሩ ፊት ተቀምጣ ታነባለች። በዚያ ሰዓት ቬክና ይይዛታል። ጓደኞቿ በጭንቀት ተሯሩጠው የምትወደውን ዘፈን ካሴት ፈልገው፣ በዎክማን ከፍተው፣ ማዳመጫውን በጆሮዋ ላይ ሲያደርጉላት፣ ከጨለማው ውስጥ ድምፁን ሰምታ፣ የጓደኞቿን ፊት አስታውሳ፣ ሮጣ ታመልጣለች። ዘፈኑ እንግሊዛዊቷ ኬት ቡሽ በ1977 ዓ.ም. ማብቂያ ያወጣችው ሲሆን፣ ከዚህ ፊልም በኋላ በሰኔ 2014 ዓ.ም.፣ ማለትም ከ37 ዓመት በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሊወጣ ችሏል። መጀመሪያ በወጣበት ዘመን ከሦስተኛ ደረጃ አላለፈም ነበር።

እንግዲህ ወጣቶቹ የወደዱት አጥንት መስበሩን አይደለም። የወደዱት አንዲት ልጅ «ደኅና ነኝ» እያለች ደኅና አለመሆኗን፣ ጓደኞቿም ይህንን አውቀው እንዳልተዉአት ማየትን ነው። ይህ ነጥብ ለወላጅ ትልቅ ትርጉም ያለው ነው።

በፊልሙ ውስጥ ያሉ እናቶች

በዚህ ፊልም ላይ እናቶች ሊመለከቱት የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በፊልሙ ውስጥ ያሉት እናቶች ናቸው።

የዊል እናት ጆይስ ሁለት ልጆችን ብቻዋን የምታሳድግ የሱቅ ሠራተኛ ነበረች። በመጀመሪያው ምዕራፍ ልጇ ሞተ ተብሎ አስከሬን እንኳ ሲታያት «ልጄ አልሞተም» ብላ የጸናች፣ ሰው ሁሉ አበደች ሲላት ያልተበገረች እናት ናት። ብዙ ተመልካች ፊልሙን የወደደው በእርሷ ነው። በአራተኛው ምዕራፍ ግን ካሊፎርኒያ ገብታ ከቤቷ ሆና በስልክ የመዝገበ ዕውቀት መጻሕፍት የምትሸጥ ሠራተኛ ሆናለች። ሞቷል የተባለው ወዳጇ በሕይወት እንዳለ ስትሰማ ለልጆቿ «ለሥራ ስብሰባ እሄዳለሁ» ብላ ዋሽታ ትሄዳለች። በቤቷ የምታሳድጋት «አሥራ አንድ» በአዲሱ ትምህርት ቤት ልጆች እየተሳለቁባትና እያዋረዱአት ሳለ፣ ለወዳጇ በምትጽፈው ደብዳቤ ላይ «ብዙ ጓደኞች አሉኝ፤ ደስ ብሎኛል» ትላለች። እናት ልጆችን ዋሸች፤ ልጅ ሁሉን ዋሸች። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁሉም «ደኅና ነኝ» ይባባላል።

በዚህ ላይ ተመልካቾች ጆይስን ክፉኛ የወቀሱ አሉ። ልጆቿን ለማዳን ዓለምን ገልብጣ የነበረች እናት እንዴት ትታቸው ትሄዳለች ይላሉ። የለም፣ እናትም የራሷ ሕይወትና የራሷ ናፍቆት አላት የሚሉም አልጠፉም። ሁለቱም አስተያየት እውነት አለው። ነገር ግን ክርክሩ አንድ ነገር ይረሳል፤ ልጅቷን የጎዳት የእናት መሄድ ብቻ አልነበረም። እናትየው ቤት ሳለችም በልጅቷ ላይ የሚደርሰውን አታውቅም ነበር።

የማክስ እናት ደግሞ ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ በሁለት ሥራ ስትባዝን፣ ድካሟንና ብስጭቷን በመጠጥ የምትረሳ ሴት ናት። ፊልሙ ጨካኝ አድርጎ አላቀረባትም፤ ደክሟታል። የማይክ እናት ካረን ግን ሁሉ የተሟላላት የቤት እመቤት ሆና ሳለ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ልጇ አንዲት እንግዳ ልጅ በራሷ ምድር ቤት ውስጥ ለብዙ ቀን ደብቆ ሲያኖር አላወቀችም። እንግዲህ ልጅን አለማወቅ የድህነት ወይም የሥራ ብዛት ውጤት ብቻ አይደለም ማለት ነው። በፈረቃ የምትሠራው እናትም፣ ቤት የምትውለዋም እኩል ሊደርስባቸው ይችላል።

ልጅና የለቅሶ ቤት

ይህን ፊልም ስንመለከት የራሳችንን ልማድ ማሰብ ይገባናል። ሕዝባችን ኀዘንን ለብቻ ተሸክሞ የሚኖር ሕዝብ አይደለም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፤ ጎረቤት ያድራል፤ ምግቡም መጠጡም በጋራ ይሰናዳል። ከሰልስት እስከ አርባ፣ ከአርባ እስከ ዓመት ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ሥርዓት ተሠርቶለታል። አዋቂ እሪ ብሎ ያለቅሳል፤ አልቃሽ ስታወርድ እንባው ይወጣለታል።

ልጅስ? ልጅ «አይይ፣ አይስማ» ተብሎ ወደ ጎረቤት ይላካል። አባቱ ወይም ወንድሙ ሞቶ «ሩቅ አገር ሄዷል» የተባለ ልጅ ጥቂት አይደለም። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ሲመለስ የሚያገኘው ጥቁር የለበሰች እናትና ማንም የማያነሣው ስም ነው። እናት «ልጄን ላላሳዝነው» ብላ ዝም ትላለች፤ ልጅም «እማዬን ላላስለቅሳት» ብሎ ዝም ይላል። ሁለቱም የተዋደዱ መሆናቸው ነው ያራራቃቸው።

አራተኛው ምዕራፍ በቀረበበት በ2014 ዓ.ም. አገራችን በጦርነት ውስጥ ነበረች። መርዶ ያልገባበት ሰፈር ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። በዚያ ወቅት ስልኩን ይዞ ማክስ በመቃብር ፊት ደብዳቤ ስታነብ የተመለከተ ልጅ ሁሉ የሚመለከተው የአሜሪካን ተረት ብቻ ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም። አንዳንዱ የራሱን ያልተለቀሰ ለቅሶ እዚያ ሳያገኝ አልቀረም።

የማን ናፍቆት ነው?

ፊልሙ የተወደደበት ሌላው ምክንያት የዘመን ናፍቆት ነው። ብስክሌቱ፣ ካሴቱ፣ ባለ ገመድ ስልኩ፣ የቪዲዮ መጫወቻው፣ ሙዚቃው ሁሉ የዚያን ዘመን አሜሪካ ያስታውሳል። የሚገርመው ግን አዘጋጆቹ መንትዮች ራሳቸው የተወለዱት በየካቲት 1976 ዓ.ም. በመሆኑ የመጀመሪያው ምዕራፍ በሚፈጸምበት ጊዜ ገና በእናታቸው ማሕፀን ነበሩ። የሚናፍቁት ዘመን በአብዛኛው ከዘመኑ ፊልሞችና መጻሕፍት ያገኙትን ነው።

የኛስ? ሁለተኛው ምዕራፍ በሚፈጸምበት በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የሆኪንስ ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ ለመሰብሰብ በየደጁ ሲዞሩ ይታያል። በዚያው ወር፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ከቆረም ያቀረበው ዜና የወሎንና የትግራይን ረሃብ ለዓለም አሳየ። ሦስተኛው ምዕራፍ ጡዘቱ ላይ የሚደርሰው በሰኔ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በአሜሪካ የነፃነት በዓል ርችት ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 6 ቀን፣ በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ተደረገ። የሆኪንስ ልጆች በእውነት የነበሩ ቢሆኑ ኖሮ፣ በዚያ ቅዳሜ በቴሌቪዥናቸው የኛን ሕፃናት ፊት ባዩ ነበር።

ዛሬ ሃምሳኛ ዓመቷን ያለፈች እናት በ1977 ዓ.ም. ራሷ ልጅ ነበረች። የምታስታውሰው በኅብረት ሱቅ ስኳር ለመግዛት የተሰለፈችበትን፣ በኩራዝ ያጠናችበትን፣ ሬዲዮ ከበው የሰሙበትን፣ የካሴት ክር ሲወጣ በእርሳስ ያጠነጠነችበትን ቀን ይሆናል። የሚያስቅም የሚያስለቅስም አለው። ወንድሟ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሳይመለስ የቀረባት፣ ቤተሰቧ ለሰፈራ ከአገሩ የተነቀለባት፣ አባቷን በዚያ ዘመን ያጣች ብዙ ናት። ይህንን ለልጇ የነገረች ግን ስንቷ ናት? ልጅ የሆኪንስን 1978 ዓ.ም. ቀን በቀን ሲያውቅ፣ የእናቱን 1978 ዓ.ም. አንዲት ቀን እንኳ የማያውቅበት ቤት ብዙ ነው። ይህ የልጁ ጥፋት አይደለም፤ ስላልተነገረው ነው።

ሳያዩ መፍረድ

«እንዲህ ያለ ፊልም ሰይጣናዊ ነው፤ ከቤቴ አይገባም» የሚሉ ወላጆች አሉ። ሃይማኖታቸውንና ልጆቻቸውን ለመጠበቅ ማሰባቸው የሚከበር ነው። በአራተኛው ምዕራፍ ይህ ጉዳይ ራሱ ታሪክ ሆኖ መቅረቡን ግን ልብ ይሏል። ኤዲ የተባለ ጠጕረ ረጅም፣ ትምህርት የሚከብደው፣ ግን ሌሎች የሚንቋቸውን ልጆች ሰብስቦ የሚያጫውት ወጣት አለ። የሚያጫውታቸው በወረቀትና በዕጣ የሚከናወን የተረት ጨዋታ ነው። አንዲት ልጅ በቤቱ ስትሞት የከተማው ሰው ጨዋታውን የሰይጣን አምልኮ ነው ብሎ ያለ ማስረጃ ያሳድደዋል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ይህን በመሰለ ክስ ብዙ ንጹሓን መወንጀላቸው በታሪክ የተመዘገበ ነው። ኤዲ ሌሎችን ለማዳን ሲል ይሞታል፤ ከተማው ግን እስከ መጨረሻው ገዳይ እያለ ይጠራዋል።

አዋቂዎቹ የልጆቹን ጨዋታ አንድ ቀን ተቀምጠው አላዩትም። የሚፈሩት ጠላት ሌላ ቦታ ሲሠራ እነርሱ የተሳሳተውን ልጅ ሲያባርሩ ሰነበቱ። ከልካይነት ብቻውን ልጅን አያድንም፤ ልጁ ፊልሙን ከቤት ባያየው ከጓደኛው ስልክ ያየዋል፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ ያስፈራውን ነገር ለእናቱ መናገር አለመቻሉ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዕድሜን መለየት ያስፈልጋል። ይህ ፊልም፣ በተለይም አራተኛው ምዕራፍ፣ ለትንንሽ ልጆች የሚሆን አይደለም። በአንዲት ክፍል በሚኖርበት ቤት ታላቅየው ሲያይ ታናሽየው አብሮ እንደሚያይ መዘንጋት የለበትም። ትንንሾቹ ሳይተኙ እንዳይከፈት ማድረግ የእናት ብቻ ሳይሆን የአባትም፣ የታላቅ ልጅም ኃላፊነት ነው።

ሁለተኛ፣ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ከሆነው ልጅ ጋር ቢያንስ አንዱን ክፍል አብሮ ማየት ይጠቅማል። ጊዜ የለኝም ለምትል ሠራተኛ እናት ዘጠኙንም ክፍል ማየት አያስፈልጋትም፤ የእረፍት ቀኗን መርጣ አራተኛውን ክፍል ብቻ ትመልከት። ቋንቋው ቢያስቸግራት ልጁ ይተርጉምላት። ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም ከወትሮው ይልቅ ይናገራል፤ አዋቂው እርሱ ነውና።

ሦስተኛ፣ አጠያየቅን ማስተካከል ነው። «ይህ ምን ይጠቅምሃል?» ብሎ የጀመረ ወላጅ መልስ አያገኝም። «ከሁሉም ማንን ወደድክ? ለምን?» ብሎ የጠየቀ ግን ስለ ፊልሙ ሲሰማ ስለ ልጁ ይሰማል። ማክስን የምትወድ ልጅ «ማንም ስላልገባት» ብትል፣ እናት በዚያ ላይ ዝም ብላ ማለፍ አይገባትም።

አራተኛ፣ ምልክቶችን ማስተዋል ነው። በፊልሙ የቀረቡት አብዛኞቹ ምልክቶች ከተረት የመጡ አይደሉም። እንቅልፍ ማጣት፣ መባነን፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ተደጋጋሚ ራስ ምታት፣ ከጓደኛ መራቅ፣ የወደዱትን ነገር መተው፣ ውጤት ድንገት መውረድ፣ ስለ ሞት ደጋግሞ ማውራት በእውነተኛው ዓለም የተጨነቀ ልጅ የሚያሳያቸው ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ልጁን «ሰነፍክ» ብሎ መቆጣት ሳይሆን ቀርቦ መጠየቅ፣ መምህሩን ማነጋገር፣ ካልተሻለም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ተገቢ ነው። የአእምሮ ሕክምና እብድ ለተባለ ብቻ የሚሰጥ አለመሆኑን ልጆቻችንም እኛም መልመድ አለብን። ሃይማኖታዊ ጸሎትንና ምክርን ከሕክምናው ጋር አጣምሮ መሄድም የሚያጣላ ነገር የለውም።

አምስተኛና የመጨረሻው ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ይኸውም ወላጅ የራሱን መናገር ነው። ኀዘን በገባበት ቤት ለልጅ በዕድሜው መጠን እውነቱን መንገር፣ የሟቹን ስም እየጠሩ ማስታወስ፣ ፎቶግራፉን አውጥቶ ማሳየት፣ እናትም ስታለቅስ ልጅ ቢያያት አለማፈር ያስፈልጋል። «እኔም ባንተ ዕድሜ ሳለሁ እንዲህ ሆኜ ነበር» የሚለው ቃል ከብዙ ምክር ይበልጣል። በቡና ሰዓት ለጎረቤት የሚነገረው የልጅነት ታሪክ ለልጅም ይነገር።

ቬክና ተረት ነው፤ እንደ እርሱ ያለ ፍጡር በሐዋሳም በሆኪንስም የለም። ልጁ «ደኅና ነኝ» እያለ ደኅና ያልሆነበት ቤት ግን እውነት ነው። ማክስን ከጨለማው ያወጣት የጦር መሣሪያ ወይም ብርቱ ጉልበት አልነበረም፤ የምትወደውን ዘፈን የሚያውቁ ጓደኞች ስለነበሯት ነው። እናቶችና አባቶች ሆይ፣ የልጃችሁን ተወዳጅ ዘፈን ታውቃላችሁን? ካላወቃችሁ ዛሬ ማታ እራት ሲቀርብ መጠየቅ ትችላላችሁ።